ሯጮቻችንን የሚጥላቸው ትራንስክሪፕቱ ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአሜሪካ ኮሌጆች ለስፖርት ስኮላርሺፕ የሚቀርበውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአሜሪካ ኮሌጆች የውጭ አገር አትሌት ተማሪዎችን ማስረጃ በማዘጋጀትና በመከታተል ሥራ ላይ ያለን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። ኬንያዊው ሯጭ ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኬንያውያን በዚህ በር መግባት ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ የእኛንም ልጆች የሚያፈላልጉ አሠልጣኞች አሉ። የልጆቹ ሰዓት ያስደስታል፤ ፋይላቸው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

በሩ ላይ የቆመው የብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር (ኤንሲኤኤ) የብቁነት ማዕከል ነው። በአንደኛው ዲቪዚዮን (በከፍተኛው የውድድር እርከን) ለመወዳደር ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን ማለፍ አለበት፦ 4 እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ፣ 2 ሳይንስ፣ 2 ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ 1 ተጨማሪ፣ የቀሩት 4 ደግሞ ከእነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋ። ዓመቱን ሙሉ የተሰጠ ትምህርት እንደ አንድ ይያዛል። የሰውነት ማጎልመሻ አይቆጠርም፤ ሯጭ መሆን እዚህ ላይ አይረዳም። የ16ቱ አማካይ ከ4.0 ቢያንስ 2.3 መሆን ይኖርበታል። ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ስለሆኑ 5 ቢ እና 11 ሲ ያለው ልጅ በ37 ነጥብ፣ ማለትም በ2.31 ያልፋል። አንዷ ቢ ወደ ሲ ብትወርድ 2.25 ይሆናል፤ ያኔ ስኮላርሺፑን አግኝቶ ልምምድ መሥራት ይችላል እንጂ የመጀመሪያውን ዓመት አይወዳደርም። የኤስኤቲና የኤሲቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ) ፈተና ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለቀረ ሸክሙ ሁሉ ትራንስክሪፕቱ (የየክፍሉ ውጤት ማስረጃ) ላይ ወድቋል።

ሥርዓተ ትምህርታችን ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ብቻ ስድስት ይሞላሉ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ አራት፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ እስከ 12ኛ ስምንት። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ቢሆን ማኅበራዊ ሳይንሱን 10ኛ ክፍል ሳይጨርስ ያሟላል። ችግሩ ያለው ይህን ሁሉ ይዞ በሚመጣው ወረቀት ላይ ነው።

ከዘመን አቆጣጠሩ እንጀምር። የኤንሲኤኤ ደንብ ከነጥብ ባልተናነሰ ጊዜ ይቆጥራል። ሰዓቱ የሚጀምረው ተማሪው 9ኛ ክፍል በገባበት ቀን ሲሆን 16ቱ ትምህርቶች በአራት ተከታታይ ዓመታት ማለቅ አለባቸው፤ በወቅቱ ለጨረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ ትምህርት ብቻ ይፈቀድለታል። ፓስፖርቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ተወለደ የተባለ ልጅ ትራንስክሪፕቱ “9ኛ ክፍል፣ 2012” ካለ ገምጋሚው የሚያየው በሰባት ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ሕፃን ነው። ያው ወረቀት 12ኛን በ2015 ጨረሰ ሲል ደግሞ ልጁ ከተመረቀ በኋላ ስምንት ዓመት ቤቱ የተቀመጠ ይመስላል። ከዓመተ ምሕረቱ ጎን “መስከረም 2012 (ሴፕቴምበር 2019)” ብሎ መጻፍ ለሪከርድ ክፍሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሚኒስቴሩ ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ወጥ የእንግሊዝኛ ቅጽ አዘጋጅቶ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ቢያስገባበት፣ የማለፊያው ነጥብ ከ100 ስንት እንደሆነም ግርጌው ላይ ቢታተም፣ ብዙ ደብዳቤ መጻጻፍ ይቀራል።

ከዚህ የከበደው የማጠናቀቂያው ጉዳይ ነው። ኤንሲኤኤ የሚጠይቀው ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን መጨረሱን እንጂ ዩኒቨርሲቲ መመደቡን አይደለም። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ተደባልቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። የቀሩት አራት ዓመት ተምረው በክፍል ውጤታቸው አልፈዋል። የፈተናው ውጤት ብቻውን ሲላክ ግን ያልጨረሱ ይመስላሉ። 50 በመቶው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ መመዘኛ መሆኑን፣ 12ኛን ማጠናቀቅ ደግሞ ሌላ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀን ያለበት የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ለየብቻው ይሰጥ። መመዘኛው ይውረድ እያልን አይደለም፤ እሱ የሚኒስቴሩ ውሳኔ ነው።

የቀኑም ነገር ቀላል አይደለም። የ2014 ተፈታኞች የተቀመጡት ጥቅምት 2015 ላይ ነበር፤ ውጤታቸው ጥር ላይ ወጣ። ታዲያ የጨረሱት ሰኔ 2014 ነው ወይስ ጥር 2015? እስካሁን በቆየው አሠራር አንድ ሯጭ ከምርቃቱ በኋላ ኮሌጅ ሳይገባ የሚቆይበት የእፎይታ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በክለብ ስም በተወዳደረበት በእያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ የውድድር ዘመኖቹ አንዱን ያጣል። ሁለት ሰነድ ሁለት ቀን ይዞ ሲመጣ ገምጋሚው ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ማብራሪያው እስኪደርስ ወቅቱ ያልፋል።

ሬሜዲያል (መግቢያ ነጥብ ላላመጡ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ደግሞ አዲስ ወጥመድ ሆኗል። በአንደኛው ዲቪዚዮን ተማሪ በየትኛውም አገር በመደበኛ የሙሉ ጊዜ የኮሌጅ ተማሪነት ከተመዘገበ አራቱን የውድድር ዘመኖች የሚጨርስበት የአምስት ዓመት ሰዓቱ ይጀምራል፤ አሜሪካ ሲደርስም ከሌላ ኮሌጅ እንደተዛወረ ተማሪ ይታያል። የሬሜዲያል ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የሚያመጣው ወረቀት የዩኒቨርሲቲው አርማና መታወቂያ ቁጥር አለበት፤ ፕሮግራሙ ዲግሪ የማያስቆጥር የመግቢያ ዝግጅት መሆኑን ግን አይናገርም። ይህን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጨመርበት።

ትምህርት ቤት የቀያየሩና ዓመት ያቋረጡ ልጆች ፋይል ከሁሉም ያደክማል። ከአርሲ ወይም ከሰሜን ሸዋ ገጠር ለክለብ ተመልምሎ አዲስ አበባ የገባ ልጅ 9ኛን አንድ ቦታ፣ 10ኛን ሌላ ቦታ፣ 11ኛን በማታ ተምሮ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ትምህርት ቤት የቀድሞውን ካርድ አይቶ ነጥቦቹን በራሱ ትራንስክሪፕት ላይ ይገለብጣል፤ ገምጋሚው ግን እያንዳንዱ ትምህርት የት እንደተሰጠ ማወቅ ይፈልጋል። ክፍል የደገመ ልጅም የሁለተኛው ዙር ነጥብ ብቻ ይጻፍለታል፤ የዓመቱ ክፍተት ግን ተደብቆ አይቀርም። ሁለቱም ዙር ይጻፍ። ለደገመ ልጅ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ይሻለዋል፤ እዚያ የአራት ዓመቱ ገደብ የለም፣ የሚፈለገውም 2.2 ነው።

በትግራይ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል ግጭት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ግን ደጋሚዎች አይደሉም። ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተዘግቶ እንደነበር የሚገልጽ የክልል ትምህርት ቢሮ ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ቢያያዝ፣ ልጁን የሚፈልገው ኮሌጅ ኤንሲኤኤን ልዩ ውሳኔ የሚጠይቅበት መረጃ ያገኛል። ሮስተሩ (የተማሪዎች ውጤት መዝገቡ) የተቃጠለበት ትምህርት ቤት ካለም በምን ተተክቶ እንደተሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ ከተጠራጠሩ ፋይሉን ያግዱታል።

ስለ ስም ብዙ አንልም። ካርዱ ላይ ስምና የአባት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፤ አንዱ ጋ በአንድ ‘ኤስ’፣ ሌላው ጋ በሁለት። ፓስፖርት ካለ በፓስፖርቱ ፊደል ይጻፍ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ባለማኅተምም ቢሆን አይላክ፤ ከነማኅተሙ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ይቀራል። የአሜሪካ የመጸው ሴሚስተር በነሐሴ አጋማሽ ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት የቪዛው ቅጽ አለ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ አለ። የፈተናው ውጤት መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሲወጣ ልጁ እስከ ጥር ይጠብቃል፤ የእፎይታው ዓመትም እየተበላ ነው። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ውጤት ሰኔ ላይ እንደተዘጋ፣ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ገና መሆኑን የሚገልጽ ጊዜያዊ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ እስከ ሐምሌ 15 ድረስ እንዲሰጥ፣ በተቻለ መጠንም ከተቋም ወደ ተቋም በኢሜይል እንዲላክ መመሪያ እንዲወጣልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን