ሥነ ልቦና መማር ለሚያስቡ ተማሪዎች እውነቱ አስቀድሞ ይነገራቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል በሚመርጡበት ሰሞን «ሥነ ልቦና ባጠና ምን እሆናለሁ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። ይህንኑ ትምህርት የተማርኩና በምክር አገልግሎት ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ለጥያቄው የሚሰጡት የተለመዱ መልሶች ወጣቶችን ሲያሳስቱ በማየቴ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ግማሹ ሰው «ሕመምተኛ ታክማለህ» ይላል፤ ሌላው «ሥራ የለውም፣ ተወው» ብሎ ይመክራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በአብዛኞቹ አገሮች የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ሰው የማከም ፈቃድ አያሰጥም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ማለትም የአእምሮና የስሜት ችግርን በሥነ ልቦና ዘዴ የሚያክም ባለሙያ፣ ለመሆን የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርት መከታተል፣ በተጨማሪም ልምድ ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ረዘም ያለ የተግባር ልምምድ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይካትሪስት የምንለው ደግሞ ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው።

ልምምዱ ለምን እንደሚረዝም የገባኝ በራሴ ደርሶ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ከአንድ ፈቃደኛ ሰው ጋር ያደረግሁትን የ20 ደቂቃ ውይይት በድምፅ ቀድቼ ለተቆጣጣሪ መምህሬ አቀረብኩ። እሳቸውም ቃል በቃል በወረቀት እንድገለብጠው አዘዙኝ፤ ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ጥያቄዎቼን በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ ቆጠሩ። 34 ነበሩ። ሰውየው ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ዘልዬ ገብቼአለሁ፤ «አባቴ ከሞተ በኋላ…» ብሎ ሲጀምር እንኳ «ሥራ የጀመርከው መቼ ነው?» ብዬ አቋርጬዋለሁ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ከዚያ በፊት ማዳመጥ ጠባይ እንጂ ሙያ አይመስለኝም ነበር።

ሌላው ተማሪዎችን የሚያስደነግጠው ስታትስቲክስ ነው። ስለ ስሜትና ስለ ሕልም ሊማር የመጣ ወጣት በቁጥር ሲከበብ የተታለለ ይመስለዋል። ሆኖም ዘርፉ ራሱን ችሎ የቆመው በመለካት ነው። ጀርመናዊው ምሁር ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲግ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ባቋቋመ ጊዜ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ፣ ሰው ለድምፅ ወይም ለብርሃን ምላሽ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ መለካት ነበር። ይህን በአንድ ማስመሪያ መሞከር ይቻላል፦ አንዱ ማስመሪያውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ይይዘዋል፣ ሌላው ከታች ዜሮው አጠገብ ጣቶቹን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሳያስበው ተለቆበት 20ኛው ሳንቲሜትር አካባቢ ላይ ከጨበጠው 0.2 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል ማለት ነው። አሥር ጊዜ ሲደጋገም ግን አሥር የተለያየ ቁጥር ይመጣል፤ ታዲያ የሰውየው ፍጥነት የትኛው ነው? ስታትስቲክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህን ንቆ ማለፍ የሚያስከፍለውን ዋጋ ዘርፉ ራሱ አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሥራ ተመራማሪዎች 100 የታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሲሠሯቸው የመጀመሪያው ውጤት ዳግም የተገኘው ከግማሽ በሚያንሱት ላይ ብቻ ነበር። ጉድለቱን ፈልገው ያወጡት የዘርፉ ሰዎች መሆናቸው ግን ሊያኮራን ይገባል።

«ሥራ የለውም» ለሚሉት የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ባለሙያ የአልፎንስ ቻፓኒስን ሥራ ባስታውሳቸው እወዳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለው አውሮፕላን አብራሪዎች መሬት ካረፉ በኋላ ለማረፍ ከክንፉ የዘረጉትን ታጣፊ ክፍል ሊመልሱ ሲሉ በስሕተት ጎማውን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። ቻፓኒስ መቆጣጠሪያዎቹን ሲመረምር ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡና መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኛቸው። አብራሪዎቹን ከመውቀስ ይልቅ የጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ፣ የክንፉ ላይ ደግሞ ክንፍ መሰል ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ፤ እጅ በዳሰሳ ብቻ መለየት ቻለ። ዛሬ የስልክ መተግበሪያዎችን ለአጠቃቀም የሚያመቹ ባለሙያዎች የሚሠሩት ከዚህ የወጣ ሥራ ነው። ከዚህ ሌላ ምሩቃን በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በትምህርት ምዘና፣ በገበያ ጥናት፣ በማኅበራዊ አገልግሎትና በምርምር ተቋማት ተሰማርተው ይሠራሉ።

እርግጥ ነው፣ በክፍት የሥራ ማስታወቂያው ላይ «የሥነ ልቦና ምሩቅ ይፈለጋል» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምሩቁ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ መረጃ መተንተንና ሰውን በአግባቡ ማነጋገር እንደሚችል ራሱ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ለዚህም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በምርምር ረዳትነትም ሆነ በበጎ ፈቃድ ሥራ ልምድ መያዝ ይጠቅመዋል።

ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርት በሚጽፍበት ገጽ ላይ በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ ሰዎች የአንድ ቀን ውሏቸውን፣ ምን እንዳጠኑና ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ጭምር፣ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ዕድል ብትሰጧቸው፣ የምርጫ ቅጹን በእጁ ይዞ ለሚያመነታ ተማሪ ትልቅ እገዛ ታደርጋላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምክር አገልግሎት ባለሙያ