ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁርጡ ሳይታወቅ መጸለይ

ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ሲገባ የእናትሽ ጉልበት እንደ ልማዱ ማስቸገር ከመጀመሩ በቀር።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ የጥገኝነት ጉዳዬ መቼ እንደሚታይ አይታወቅም፤ ቢታይም ምን እንደሚሉኝ አይታወቅም፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ» አልሽኝ። ቀጠል አድርገሽም ጓደኛሽ ወደ አንድ «ነቢይ» ወስዳሽ፣ ሰውየው እጁን ጭኖ በሁለት ወር ውስጥ ወረቀትሽ እጅሽ ይገባል እንዳለሽ ነገርሽኝ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ብናገር ቁጣ ይቀድመኛል ብዬ ነው፤ ይኸው ረጋ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 42ን አንብቢ። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፤ የባቢሎን ንጉሥ የሾመው ገዥ ጎዶልያስ ተገድሏል። የተረፈው ሕዝብ ባቢሎናውያን ይበቀሉናል ብሎ ወደ ግብፅ ሊሸሽ ተነሥቶ ቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍሯል። ጓዛቸውን ከጠቀለሉ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ኤርምያስ መጥተው፣ የምንሄድበትን መንገድ አምላክህ ይንገረን፣ ደግም ሆነ ክፉ እንታዘዛለን የሚሉት። የእግዚአብሔር ቃል ወደ ኤርምያስ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በነቢይነት የኖረ ሰው፣ የፈራ ሕዝብ ዙሪያውን ከቦት፣ ከልቡ አንቅቶ አንድ ቃል አልተናገረም። ያንቺው ሰውዬ 10 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። መልሱ ሲመጣ ደግሞ «እዚሁ ተቀመጡ» የሚል ሆነ። ሕዝቡ ሐሰት ተናገርህ ብሎት ግብፅ ወረደ፤ እሱንም ይዘውት ሄዱ። ሐሳባቸውን ቆርጠው ኖሮ የፈለጉት ማኅተም ብቻ ነበር።

እኔን የሚያስፈራኝ የሁለት ወሩ ቀጠሮ ነው። ቀኑ አልፎ ነገሩ ሳይሆን ቢቀር የምትቀየሚው እግዚአብሔርን ነው። ሰውየው ስልክም አያነሣልሽ።

አያትሽን አላወቅሻትም። በ1969 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ከታጠቅ ጦር ሰፈር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሊያው ጦርነት ሲዘምት እኔ ልጅ ነበርኩ። ጥቂት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ሞተም አልተባለ፣ ተማረከም አልተባለ። መርዶ የመጣበት ቤት ለቅሶ ይደረሳል፤ ቁርጡ ላልታወቀ ሰው ግን ድንኳን አይተከልለት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሌሊት ተነሥታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ መቁጠሪያዋን በአውራ ጣቷ እየገፋች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች። ስትጨርስ የወንድሜን የክርስትና ስም ትጠራና «የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ» ትላለች። አንዳንድ ሌሊት «በወዲያ በኩል ያለችዋንም እናት አስባት» ስትል ሰምቻለሁ።

ታዲያ ቅድስት አልነበረችም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተሳለችውን ጥላ ገዝታ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ «ልጄን ስታመጣው ትወስዳለህ» እያለች ስትሟገተው ኖራለች። ወንድሜ አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ በአንድ የጊዮርጊስ ዕለት ሳጥኑን ከፍታ ጥላውን ወስዳ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ለምን እንደሆነ ለማናችንም አልነገረችን፤ እኛም አልጠየቅናት። የሌሊቱን ጸሎት ግን እስክትሞት አልተወችም። ይህን የምጽፍልሽ ተስፋሽን ላጨልም አይደለም። ሰው ልመናው ሳይደርስለትም ከአምላኩ ጋር ሊኖር እንደሚችል በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ምን ብዬ ልጸልይ ላልሽው፣ የምትፈልጊውን በግልጽ ለምኚ፤ ወረቀቴን ስጠኝ በዪ። «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ ለመጨረስ መቸኮል ትሕትና ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን የልብን ለመናገር መፍራት ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ አስቀድሞ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ፤ ፈቃድህ ይሁን ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛም ሄዶ ያንኑ ቃል ደገመ። መደጋገም እምነት ማጣት ነው የሚልሽን አትስሚ።

የራስሽ ቃል ሲያልቅ ዳዊትሽን አንሺ። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ይደገማል፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ሁሉንም ድገሚ አልልሽም፤ የሌሊት ፈረቃ እንደምትሠሪ አውቃለሁ። ከዕለቱ አንድ ሁለት መዝሙር ይበቃል፤ ብቻ እንደ ስሜትሽ እየመረጥሽ አታንብቢ፣ በተራው ይድረስሽ። ሰኞ 12ኛው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። የሐሙሱ 87ኛው ጨለማ ውስጥ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ያልቃል፤ በመጨረሻው ቁጥር እንኳ ማጽናኛ የለውም። (በስልክሽ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ በአንድ ሊበልጥ ይችላል፤ እንዳትደናገሪ።) አባቶቻችን እንዲህ ያለውን መዝሙር ከጸሎት አላስቀሩትም፤ በየሳምንቱ ይደግሙታል። ደህና በዋልሽበት ሐሙስ ሲደርስሽ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ላለ ሌላ ሰው ትደግሚለታለሽ። በከፋሽ ቅዳሜ ደግሞ «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» የሚለው ይመጣብሻል፤ አፍሽ እሺ ባይልም በዪው።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላት ሲነሣበት፣ ወደ አምላካችን ጸለይን ባለበት አፉ፣ ወዲያው ቀንና ሌሊት ጠባቂ እንዳቆሙ ይናገራል። ስለዚህ ጠበቃሽ የጠየቀሽን ሰነድ ዛሬ ነገ አትበዪ። ቤት ሲቀየር አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ባለፈው ወር ቤት ቀየርሽ፣ አሳውቀሻል? የቀጠሮው ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ይሁዳው ንጉሥ እንደ ሕዝቅያስ አድርጊ፤ የአሦር ንጉሥ የላከበትን የዛቻ ደብዳቤ ይዞ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ በፊቱ ዘረጋው። አንቺም ከሥዕሉ ፊት ዘርጊው። መጀመሪያ ግን ፎቶ ኮፒ አድርጊው።

ጓደኛሽን በዚህ ምክንያት እንዳትቀየሚያት። እሷም ጨንቋት ነው እዚያ የተገኘችው። ያንቺን የክርስትና ስም ለነፍስ አባታችን ሰጥቻቸዋለሁ፤ የእሷንም ጠይቀሽ ላኪልኝ።

አባትሽ