ስለ ፍርድ ስናስተምር የኖኅን ደጅ አንርሳ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሰንበት፣ በደብረ ዘይት፣ ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ዳግም ምጽአት ታስባለች፤ ከወንጌል በፊት የሚዜመው ምስባኩም «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» (እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል) የሚለው የዳዊት መዝሙር 49 ነው። በዚያ ሰሞን በየዐውደ ምሕረቱ የሚሰጠው ስብከት እሳቱን ብቻ ተናግሮ ሲያበቃ በሰው ልብ ላይ የሚያሳድረውን በቤቴ ስላየሁት ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እናቴ በመጨረሻው ሕመሟ ወቅት ሌሊት ሌሊት እየነቃች «በፊቱ እንዴት ብዬ እቆማለሁ?» ትለኝ ነበር። ንስሐ ገብታ ሥጋ ወደሙን ተቀብላለች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። አንድ ቀን ሊጠይቋት የመጡ የመጽሐፍ መምህር ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 7 አስከፈቱኝና «እግዚአብሔርም በስተኋላው ዘጋበት» የሚለውን ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ። ኖኅ መርከቢቱን ለዓመታት ለፍቶ ሠራት፣ በቅጥራንም ለቀለቃት፤ በሩን የዘጋው ግን እርሱ አልነበረም አሉ። ከዚያም አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ በሚፈታው በአንድምታው ትርጓሜ ሥርዓት «አንድም» እያሉ ወደ ምሥጢሩ ገቡ። አማርኛው «መርከብ» የሚለውን ግእዙ «ታቦት» ይለዋል፤ ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ከታቦቱ ደጅ ስትሰግድ የኖረች ሴት ኖኅ በገባበት ደጅ ስትሰግድ ኖራለች ማለት ነው። አንድም መርከቢቱ ነፍስ ናት፤ እግዚአብሔር ራሱ የዘጋባትን ነፍስ የውጭው ማዕበል አይገባባትም። ከሁሉም ይልቅ እኔን የያዘኝ የሚከተለው ቁጥር ነው። ውኃው በበዛ ጊዜ መርከቢቱን አነሣት፣ ከምድርም ከፍ ከፍ አለች ይላልና፣ ምድርን ያጠፋውና መርከቢቱን ያነሣው አንድ ውኃ ነው። ፍርድ የመጣው በውስጥ ላሉትም ነበር፤ ለእነርሱ ግን መነሻ ሆነላቸው።

እናቴ እጇን ከጋቢዋ አውጥታ የመጽሐፉን ገጽ ዳሰሰችና «እሱ ከዘጋውማ» አለች። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ያንን ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ይህ ንባብ ሰውን ያዘናጋል የሚሉ አይጠፉም። እኔ ግን መዘናጋት አላየሁበትም፤ ኖኅ ዝናቡ ሳይመጣ የደከመ ሰው ነው፣ እናቴም ጸሎቷን ያጠበቀችው ፍርሃቱ ከለቀቃት በኋላ ነው። ሐዋርያው ዮሐንስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 በፍርድ ቀን ድፍረት እንዲሆንልን ይናገርና ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል ይጨምራል። ጌታችንም ምጽአቱን በተናገረበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 መምጣቱን የመሰለው በኖኅ ዘመን ነው። ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፣ በደብረ ዘይት ዕለት የጥፋቱን ውኃ በተናገሩበት አንደበት የተዘጋውን በርና ከፍ ያለችውን መርከብ እንዲተረጕሙልን ነው፤ ከዐውደ ምሕረቱ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው የሚያዳምጡት አብዛኞቹ ቀናቸው የቀረበ አረጋውያን ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር