ቤታችንን ላሞቃችሁልን ሁሉ

በሴንት ፖልና በአካባቢው ላላችሁ ወገኖቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ወዲህ የእኔ ደመወዝ ከኪራይና ከአስቤዛ አላልፍ አለ። የጋዙ ቢል ተጠራቀመ። የሚኒሶታን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሂተሩን ዝቅ አድርገን ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በጃኬት ይሠሩ ጀመር። "ይቆረጣል" የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ ግራ ገባን።

ከሁሉ በፊት ከላያችን የሚኖሩትን እትዬን አመሰግናለሁ። (ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል።) ደብዳቤውን አዩና "ምን ቁጭ ያደርግሻል? ተነሺ!" ብለው የኢነርጂ እርዳታ ማመልከቻ ወደሚሞላበት ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ።

እዚያ የተቀበለችን ልጅ ሶማሌ ናት። አማርኛ አትችልም፣ የእኔም እንግሊዝኛ ያው ነው። የደመወዝ ወረቀቴን፣ የጋዝና የመብራት ቢሉን፣ የሁላችንንም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ የጎደለውን በጣቷ እያሳየች ፎርሙን ጨረስን። ከዚያ ጋዝ ድርጅቱ ጋ ደወለች። ያንን የማያልቅ የመጠበቂያ ሙዚቃ አብራን ሰማች። እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳም።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚህ ስቴት ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የቤት ማሞቂያ እንዳይቆረጥ የሚከላከል ሕግ አለ። ግን ዝም ላለ ሰው አይሠራም። ደውላችሁ እንደ አቅማችሁ የክፍያ ስምምነት መያዝ፣ የተስማማችሁትንም መክፈል አለባችሁ። እርዳታው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። ብድር አይደለም፣ መልሱ አይባልም። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በቀጥታ ለጋዝና ለመብራት ድርጅቱ ይገባል። ተከራይም ማመልከት ይችላል። "ቤት ለገዛ ብቻ ነው" የሚለውን ወሬ ማን እንዳመጣብን እንጃ!

መልሱ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያውን ክፍያ የሸፈናችሁልን የማኅበራችን እናቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። መስኮቶቻችን ላይ ፕላስቲክ ለጥፋችሁ በፀጉር ማድረቂያ የወጠራችሁልን ልጆች፣ እደጉ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሳችሁት ነበር።

ፎርም መሙላት የከበደው ሰው ካለ ባለቤቴን ያናግረው። ሐኪም ገና ሥራ ስላልፈቀደለት ቤት ነው፤ ፎርሙንም አሁን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።