ኮርማ ላጣው ጎጣችን፦ ከፎገራ ሜዳ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የፎገራ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ጥር የእናቴ ላም ሌሊቱን ሙሉ እምቧ ስትል አደረች። ኮርማ ፈልጋ ነው። የላም ፍላጎት ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም፤ ካመለጠ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የእኛንም የጎረቤትንም ጎጥ ዞርኩ። ያገኘሁት የተኮላሹ በሬዎችንና ለዚህ ያልደረሰ አንድ ወይፈን ብቻ ነው። አዳቃይ ባለሙያውም ሌላ ቀበሌ ስለነበር የደረሰልን በማግስቱ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያም ወዲህ ሁለት ጊዜ ፍላጎቷ አምልጦናል። እናቴ ጮጮዋን አጥባ ሰቅላዋለች።

ስለ ፎገራ ከብት ለእናንተ መንገር ባይገባኝም ለልጆቻችሁ ስል ልናገር። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በሚያጥለቀልቁት በጣና ምሥራቅ ዳርቻ የኖረ፣ ረግረጉን የለመደ፣ ከአገራችን ዘሮች መካከል በወተቱ ስሙ የሚነሣ ከብት ነው። ውኃው ሲጎድል በባሕር ሸሹ ሣር ላይ ተሰማርተው ሜዳውን ጥቁርና ነጭ ሲያደርጉት የማያስታውስ ከእናንተ መካከል አይኖርም።

ያ ሜዳ ዛሬ በአብዛኛው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በአምራቾች ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ አብልቶናል፣ ልጅ አስተምሮልናል፤ አንወቅሰውም። ግጦሹ ሲጠብ ግን መጀመሪያ የተጎዳው ኮርማው ነው። ኮርማ አይታለብም፣ አያርስም፣ ብዙ ይበላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው መልካሙን ወይፈን ወይ አኮላሽቶ ይጠምደዋል፣ ወይ ወረታ ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል። ማንንም ልኮንን አልችልም፤ እኔም ሸጫለሁ። አሁን ላሞቻችንን የሚያጠቃው፣ ማለትም የሚያስረግዘው፣ ያገኘነው ኮርማ ሁሉ ነው፤ ዘሩም እየተደባለቀ ነው። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ዘር ለመጠበቅ ይሠራል፤ ነገር ግን ይህ ከብት በምርምር ግቢ ብቻ ሳይሆን በገበሬ ደጅም መኖር አለበት።

ያሰብነው ሁለት የፎገራ ኮርማ በጋራ ገዝተን በወረፋ ማብላት ነው። የማን ላም በየትኛው ቀን እንደተጠቃች በመዝገብ እንጽፋለን። የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃም ጊደሮቹ ሳይደርሱ ኮርማውን ከሌላ ጎጥ ኮርማ ጋር እንለዋወጣለን።

መኖውን ከሩዙ እናወጣዋለን። የሩዝ ገለባ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ያህል ዩሪያ በውኃ በጥብጦ አርከፍክፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ በላስቲክ አፍኖ 21 ቀን ማቆየት ይበቃል፤ ይለሰልሳል፣ ከብቱም ወድዶ ይበላዋል። በማሳ ድንበር ላይ ዝሆኔ ሣር ለመትከልም ተስማምተናል።

ሌላው ጭንቀታችን ሕክምናው ነው። ረግረግ ባለበት የጉበት ትል አለ፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል። የአባሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ሲመጣ ደግሞ ከብቱ ቆሞ የሚታከምበት ማስገቢያ (ክራሽ) ስለሌለን ከብቱ በገመድ ተጠልፎ፣ መሬት ተጥሎ ነው የሚወጋው። ያረገዘች ላም በዚህ ስትጨነግፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቦታውን፣ እንጨቱን፣ ገለባውንና ጉልበቱን እኛ ችለናል፤ በረቱን በደቦ እንሠራዋለን። ያነሰን የኮርማዎቹ መግዣ፣ ለክራሹ ብረትና ሲሚንቶ፣ ላስቲክና የጉበት ትል መድኃኒት ነው። ገንዘቡ የሚገባው ሦስት ሰዎች ካልፈረሙ በማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት፣ አላቢዋም ጥጃ አሳዳጊዋም ሴቷ ናትና። የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ በዕድር ስብሰባ ይነበባል፤ ፎቶውም ለለገሳችሁ ሁሉ ይላካል።

ገንዘብ ያልተመቻችሁ ቤተሰቦቻችሁ ዘንድ ደውሉ። ጥሩ የፎገራ ወይፈን ካላቸው ከመሸጣቸው በፊት ይንገሩን፤ በገበያው ዋጋ እንገዛለን። ላሞቹ ሣር ጠግበው በብዛት ኮርማ መፈለግ የሚጀምሩት ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ሁለቱም ኮርማዎች ከመስከረም በፊት በረቱ እንዲገቡ እንፈልጋለን።