የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 124 ይጠበቅ

ክቡር አዘጋጅ፣

የዘረ መል ምርመራ እስካለ ድረስ እናትነትም በእርሱ ይወሰን የሚል አስተያየት ደጋግሜ እየሰማሁ በመሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት በአዋላጅነት የሠራሁ ሴት እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 124 እናትነት የሚታወቀው ሴቲቱ ልጁን በመውለዷ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። አባትነት ግን በሕግ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይቆጠራል። የልዩነቱ ምክንያት ለእኛ ለአዋላጆች ግልጽ ነው፤ መፀነስን ያየ ምስክር የለም፣ መውለድን ግን በዓይናችን እናያለን፤ የልደት ማሳወቂያውን ሞልተን የምንፈርመውም ያየነውን ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አቋሙ ይኸው ነበር። ያኔ እንቁላሏ ልጅ የሆነላትና ልጁን የወለደችው ሴት ያለ ጥርጥር አንድ ነበሩ። እንቁላልና የወንድ ዘር ከማኅፀን ውጭ ተዋሕደው ፅንሱ ወደ ማኅፀን የሚገባበት አይቪኤፍ የተባለው ሕክምና ከመጣ ወዲህ ግን የአንዷ እንቁላል በሌላዋ ማኅፀን ሊያድግ ይችላል። በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለቱም ሴቶች የእናትነት ማስረጃ እንዳላቸው ተቀብሎ፣ ልጁን ለማስወለድና ለማሳደግ ከመነሻው ላሰበችው ለባለ እንቁላሏ ፈረደ። ይህ ውሳኔ ያሳስበኛል፤ ዘጠኝ ወር መሸከምንና ምጥን እንደ ተከፈለበት አገልግሎት ወደ መቁጠር ያደላልና። ሥነ ሕይወትም ቢሆን ለእንቁላል ብቻ አይመሰክርም፤ ፅንሱ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚመገበው ከተሸከመችው ሴት ደም ነው፣ ከፅንሱ የወጡ ሴሎችም ከወሊድ በኋላ በእርሷ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆዩ በምርምር ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የተሻለ መንገድ ይዟል። እናት የተሸከመችው ሴት ብቻ ናት፤ ወላጅነቱ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን፣ የወለደችው ሴት ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የምትሰጠው ፈቃድ አይጸናም። ጊዜው ከእኛ የአራስነት ወቅት ጋር መቀራረቡ ደስ ይለኛል፤ አራስ ሴት በዚያ ሰሞን እንድትፈርም መገፋት የለባትምና።

ማኅፀኗ ልጅ መሸከም ያልቻለላትን ሴት ሐዘን በሥራዬ አይቻለሁ፤ በሩ እንዲዘጋባትም አልፈልግም። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንደሚጸድቅ ሁሉ፣ ለእርሷም የልጁን ጥቅምና የወላጂቱን ነፃ ፈቃድ መርምሮ የሚወስን ፍርድ ቤት በሕጉ ይታሰብላት፤ የልደት ማሳወቂያው ግን የወለደችውን ሴት ስም ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ