በአበባ ማሰሮዎቻችሁ ዙሪያ ስለምትበረው ጥቁር ትንኝ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወደ ለገጣፎው ችግኝ ጣቢያችን የሚደወለው ስልክ አብዛኛው ስለ አንዲት ትንኝ ነው። ከአበባው ሥር ብድግ ትላለች፣ ፊት ላይ ትዞራለች፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ትገባለች፣ ቀን ቀን መስኮቱ መስታወት ላይ ትሰበሰባለች። ወባ ታመጣ ይሆን ብላችሁ የሰጋችሁ አላችሁ። አበባውን ከነማሰሮው ደጅ አውጥታችሁ ብርድና ዝናብ ያስመታችሁም አላችሁ። በስልክ በችኮላ የምንመልሰውን ረጋ ብለን በጽሑፍ ማስረዳቱ ይሻላል ብለን ይህን ልከንላችኋል።

በቅድሚያ ፍርሃቱን እናስወግድ። ይህች ትንኝ አትናከስም፤ ደም የምትመጥበት አፍ የላትም። ወባ ከምታስተላልፈው ትንኝ ጋር በሩቁ ብትመሳሰልም ወገኗ ሌላ ነው። የነፍሳት ተመራማሪዎች ስያሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ይመድቧታል፤ በቤት ውስጥ ተክሎች ዙሪያ በብዛት የምትገኘው ደግሞ ብራዲሲያ የምትባለው ናት። ርዝመቷ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ እግሮቿ ቀጫጭንና ረዣዥም፣ አበራረሯ ደካማና የተወላገደ ነው። ብዙ ጊዜም ከመብረር ይልቅ አፈሩ ላይ መሮጥ ይቀናታል። ጠላ ብርጭቆ አፍ ላይ ወይም የበሰለ ሙዝ ላይ የምትሰፍረው ቀይ ዓይን ያላት ቡናማ ዝንብ ከእርሷ ጋር አትገናኝም። ያችን ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት እንጂ ወደ አበባው አትሂዱ።

የምትበረው ትንኝ ዕድሜዋ ሳምንት ገደማ ነው፤ ተክሉንም አትነካውም። ነገር ግን በዚያች አጭር ዕድሜዋ እርጥብ አፈር ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈልና ነጭ፣ አካሉ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ራሱ ብቻ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነ ቀጭን እጭ ይወጣል። እጩ ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ሆኖ ሻጋታ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ይበላል። ምግብ ሲያንሰው ወይም ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ስስ ሥሮች ይዞራል። ከዚያ አፈሩ ውስጥ እንዳለ መልኩን ለውጦ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሞቅ ባለ ቤት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እንደኛ ባለው ማሞቂያ የማያውቅ የደጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። ይህን የጊዜ ስሌት ያዙት፤ ኋላ ትዕግሥት ሲያልቅባችሁ ይጠቅማችኋል።

ለእጩ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እርጥበት ነው። የሚኖረውም በላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ያ ክፍል ደረቅ ሆኖ ከቆየ እንቁላሉም አይፈለፈልም፣ እጩም አይተርፍም። ታዲያ በእኛ አገር ክረምት ይህ አፈር መቼ ይደርቃል? ፀሐይ የለም፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ተክሉም እድገቱን ስለሚቀንስ የሚጠጣው ጥቂት ነው። በየካቲት በሦስት በአራት ቀን የሚደርቀው ማሰሮ በሐምሌ ሁለት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የምናጠጣው ግን እንደ በጋው ነው። በዚህ ላይ የከተማው ዳር ነዋሪ ሁሉ የሚያውቀው የውሃ ፈረቃ አለ። ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉ ይሞላል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ከዚያም «ነገ ደግሞ አይኖርም» ይባልና አበባው ሁሉ እስኪጥለቀለቅ ይጠጣል። ጠምቶት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ቤተሰብ ሰፋ ባለበት ቤትማ ጠዋት እናት፣ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ፣ ማታ ደግሞ ሕፃኑ በጨዋታ መልክ ያንኑ ማሰሮ ያጠጡታል። የፈረቃ ውሃ በጀሪካን ይቀመጥ፤ አበባው ውስጥ አይቀመጥም። ማጠጣቱንም ለአንድ ሰው ስጡት።

ሌላው ትንኟን የሚጋብዛት የቡና አተላ ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ጀበናውን አበባው ሥር መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ የሻይ ቅጠሉም እንዲሁ። «ማዳበሪያ ነው» ትሉናላችሁ። ጓሮ ላሉት ዛፎች ይሁን፤ ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ማሰሮ ላይ ግን አተላው ከላይ ይጋገርና እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ከዚያም ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ የእጩ ቀለብ ነው። ስለዚህ እስከ መስከረም ድረስ አተላውን ለጓሮው ስጡት። ታች ቀዳዳ የሌለው የዱቄት ወተት ጣሳና የቀለም ባልዲም እንዲሁ ነው፤ ውሃው መውጫ ስለሌለው ከታች ይበሰብሳል። በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት።

አሁን ችግሩ በየትኛው ማሰሮ እንዳለ እንወቅ፤ ሃያ አበባ ያለው ሰው ሃያውንም ማከም የለበትምና። ድንች ያዙ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡትና የተቆረጠውን ገጽ አፈሩ ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። እጭ ካለ ጥቁር ራሳቸውን ድንቹ ውስጥ የተከሉ፣ ነጭ ክር የሚመስሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ፤ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ብታዩት አንጀታቸው ውስጥ ያለው የበሉት ጥቁር ነገር ሳይቀር ይታያል። በአፈሩ ገጽ ላይም ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካለ እነርሱ ናቸው። ድንቹን ከነእጩ አውጥታችሁ ጣሉትና በሌላ ተኩት። መመርመሪያም ነው፣ በመጠኑም ወጥመድ ነው፤ ብቻውን ግን አይጨርሳቸውም።

የሚጨርሳቸው ድርቀት ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። ማሰሮውን ብድግ አድርጋችሁ ክብደቱን መልመድም ጥሩ ነው፤ ጥቂት ከለመዳችሁ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሳንሲቬሪያ፣ እሬትና የጎማ ዛፍ ይህን ድርቀት ምንም አይሉም። ፈርን ግን አይችለውም። ለእርሱና ለመሰሎቹ ውሃውን ከታች ስጧቸው፦ ማሰሮውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡትና የተረፈውን ድፉት። ሥሩ ይጠጣል፣ ላዩም ከሞላ ጎደል ደረቅ ይሆናል። አፈሩ ላይ አሸዋ መነስነስን በተመለከተ እኛ ብዙም አናምንበትም። ጥቂት ያግዳል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው አፈር መድረቁን እንዳታዩ ይሸፍንባችኋል።

ለሚበሩት ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት አለ፤ በአበባ እርሻዎች ግሪንሀውስ ውስጥ ተሰቅሎ አይታችሁት ይሆናል። ትንኟ ቢጫ ቀለም ይስባታል። ደካማ በራሪ ስለሆነች ወረቀቱን ከፍ አድርጋችሁ አትስቀሉት፤ አፈሩ ላይ አስተኙት ወይም ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት አቁሙት። ጥቅሙ ሁለት ነው። እንቁላል የምትጥለውን ይቀንሳል፣ በየሳምንቱ የተያዙትን ቆጥራችሁ ቁጥሩ እየወረደ መሆኑንም ታረጋግጣላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙም ለውጥ ባታዩ ተስፋ አትቁረጡ፤ የሚወጡት ቀድሞ አፈር ውስጥ የነበሩት ናቸውና። ቢያንስ አምስት ሳምንት ጽኑ።

ፍሊት መንፋት ግን ይቅርባችሁ። ለበረሮ የተሠራ መድኃኒት የሚገድለው አየር ላይ ያለችውን ነው፤ እንቁላሉና እጩ አፈር ውስጥ በሰላም ይኖራሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ይወጣሉ። በመካከሉ መድኃኒቱን የሚተነፍሰው ቤተሰቡ ነው። ለእርሻ የሚሸጠውን ፀረ ተባይ ሳሎን ውስጥ ስለመርጨት ለሚጠይቁን ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፦ በፍጹም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ስለሚልከው የባክቴሪያ መድኃኒት የጠየቃችሁን አላችሁ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ኢስራኤለንሲስ ይባላል፤ በ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር እስራኤል ውስጥ በኔጌቭ በረሃ የተገኘ ሲሆን የወባ ትንኝ እጭ በሚራባባቸው ውሃዎች ላይም ይደረጋል። እጩ ሲበላው አንጀቱን ይጎዳውና ይገድለዋል፤ ሰውንና ተክሉን አይጎዳም። እኛ አንሸጠውም። እጃችሁ ከገባ ግን ከውሃ ጋር እንደ መመሪያው ቀላቅላችሁ፣ ውሃ ማጠጣት በሚገባችሁ ቀን አፈሩን አጠጡበት፤ አፈር ውስጥ ብዙ ስለማይቆይም በየሳምንቱ ድገሙት። ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ለጎመን ትል የሚሆነው ወንድሙ ኩርስታኪ ለዚህች ትንኝ አይሠራም።

«ትንኟ የመጣችው ከእናንተ አፈር ነው» ለሚሉን፦ ሊሆን ይችላል። ኮምፖስትና ፍግ ያለበት አፈር ሁሉ እንቁላል ሊይዝ ይችላል፤ በመስኮትም ትገባለች። ምንጩ የትም ይሁን፣ ደረቅ ማሰሮ ውስጥ አትራባም። ለመትከል አፈር ስታዘጋጁ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ትከሉ። አፈሩን ምጣድ ላይ የምትቆሉም እንዳላችሁ ሰምተናል። ይሠራል፤ ሽታው ግን ለቀናት ከቤት አይወጣም፣ ምጣዱም ለእንጀራ አይመለስም።

የምትቸኩሉበት አንድ ሁኔታ አለ። ከግንድ ተቆርጦ ገና ሥር በማውጣት ላይ ያለ ቁራጭ ወይም ከዘር የበቀለ ቡቃያ ካላችሁ፣ እጩ በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል፤ በተበላው ሥር በኩልም የሥር አበስባሽ ፈንገስ ይገባል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ውሃ አትጨምሩበት፤ ወደ እኛ አምጡት። ሥሩን አብረን አይተን፣ የበሰበሰውን ቆርጠን፣ ጠጠር በበዛበት አፈር ውስጥ ያለ ክፍያ እንተክልላችኋለን፤ የምትከፍሉት ለአፈሩ ብቻ ነው። ስትመጡ ማሰሮውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላችሁ ኑ፤ በበሩ ስትገቡም ከችግኞቹ መካከል አታስቀምጡት፣ በስተግራ ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር አኑሩትና ጥሩን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለን፤ በዝናብ ቀን ግን ከዋናው አስፋልት ወደ እኛ የሚገባው መንገድ ስለሚጨቀይ ጠዋት ጠዋት ብትመጡ ይቀላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች
ለገጣፎ